ሃያኛዋ ጤነኛ

የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ «ነጥቢቱ» ይሏታል፤ ለአንዲት አሥርዮሽ ነጥብ ግማሽ ቀን ትከራከራለችና። ያን ሰሞን መከራከሪያ አላነሳትም። አምስት ሆስፒታሎች በኩላሊት ምርመራ «ከዚህ እስከዚህ ጤነኛ ነው» የሚል የየራሳቸው ልክ ነበራቸው። እዚህ ጤነኛ የተባለ ሰው እዚያ ማዶ ሕመምተኛ መባሉ ይብቃ ተብሎ በአንድ ልክ ሊሠሩ ተስማሙ።

ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ የሃያ ጤነኛ ሰዎችን ደም ይመረምራል፤ ከአዲሱ ልክ የሚወጡት ከሁለት ካልበለጡ ልኩ ይጸድቃል። ውጤቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ።

አሥራ ዘጠኝ ሰው ተገኘ። ሃያኛው ሲጠፋ ነጥቢቱ እናቷን ይዛ መጣች። እናቷ የሟች ባሏን ጫማ አድርጋ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬን በጫማው ልትተኪው ነው?»

«እግሬ ሰፊ ቤት ለመደ፤ ምን አገባሽ?»

«የሚያምሽ ነገር አለ?»

«ሕመም ሥራ ለፈታ ነው። ጤነኛ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። የቀሩትንም የቅጹን ጥያቄዎች ራሷ ሞላች፤ የእናቴን ነገር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ብላ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። የአዲሱ ልክ የላይኛው ወሰን አንድ ነጥብ ሁለት ነው። ከሃያዎቹ አንዱ፣ ክብደት የሚያነሳ ጎረምሳ፣ በአንዲት ነጥብ ዘለለው። ሃያ ቁጥር ግን አንድ ነጥብ ዘጠኝ። ናሙናውን ደግማ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። አንድ ነጥብ ዘጠኝ። የምትሟገትበት ነጥብ አጣች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ወረቀቱን ተቀብለው ከልኩ በወጡት ላይ የተደረጉትን ምልክቶች ብቻ ቆጠሩ።

«የወጡት ሁለት። ሁለት ይፈቀዳል። እሰይ!» ብለው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

ሃያ ቁጥር ማን እንደሆነች ከነጥቢቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ካለች እናቷ እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ ጤነኛ ሆና ትቀራለች። ጫማው ትዝ አላት። ያ እግር ሰፊ ቤት አልለመደም፤ አብጧል።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ።»

«ደግሞ ምን ነጥብ አገኘሽ?»

«ሃያኛዋ እናቴ ናት። ጤነኛ አይደለችም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ በደንብ አልጠየቅኋትም።»

ኃላፊው እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ሌላ ሃያኛ አይጠፋም፣ ልጄ። አንቺ ለእናትሽ ደውዪ» አሏት።

እናቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«እህስ፣ አለፍኩ?»

«እማዬ፣ እየመጣሁ ነው። ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ጫማሽን እንዳታወልቂ።»



«ካወለቅኩት ቆየሁ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «መልሶ አልገባ አለኝ።»