የማሽኑ ፊት በየት በኩል ነው

አርባ ሺህ፣ ለአንድ ፎቶ፣ ያውም ለማይስቅ፣ ለማያኮርፍ፣ ሆዴን ደብቅልኝ ለማይል ብረት፣ ፎቶ አንሺው ሽማግሌ ማሽኑን ለሦስተኛ ጊዜ ይዞሩታል፣ ዙሪያው ዐሥራ አራት እርምጃ ነው፣ ፊቱ ግን የት ነው? ሰው ሲሆን ይታወቃል። በአርባ አንድ ዓመት ስንት ሙሽራ፣ ስንት የልብስ ሞዴል፣ አንዴማ ከካርቶን የተሠራ የሕንፃ ሞዴል፣ ዛፎቹ ክብሪት የሚያህሉ፣ እሱ እንኳ በር ነበረው፣ በር ያለው ነገር ፊት አለው፣ ይሄ የአሉሚኒየም ዝርግ እየተጫነ ድስት የሚያወጣ ጎልያድ ግን፣ እንጃ።

ጋሼ፣ ይላል ባለፋብሪካው ከበሩ ላይ፣ የማሽኑ ገዢ ፎቶውን አይቶ ነው ቀብድ የሚልከው፣ አዲስ ያስመስሉልኝ እንጂ ሌላ አልጠየቅሁም፣ ብሎ ይሄዳል። አዲስ ማስመሰል፣ እሱ ምን ይከብዳል፣ እንጀራዬስ ምን ሆነና።

ብረቱ ያብለጨልጫል። መብራቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ያው ነው፣ ልክ ያላበው የሙሽራ ግንባር፣ ላላበው ግንባር ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ከቦርሳቸው የፊት ፓውደር ያወጡና የማሽኑን ትከሻ በጥጥ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል።

ኧረ አባባ! ማሽኑን ስምንት ዓመት ያንቀሳቀሰችው ሴት ናት፣ ጠዋት በዘይት ወልውዬው! ሊድሩት ነው እንዴ?

ምን ላድርግ ልጄ፣ ዕድሜው ሄደ።

ማን ያገባዋል፣ ሲያንኮራፋ ሰፈር ይቀሰቅሳል።

ሳቋ ሳያልቅ ፓውደሩ ላይ መስመር ይወጣል፣ ጥቁር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከትከሻው ቁልቁል። ይጠርጉታል፣ ይደግሙታል፣ ይመለሳል። ስንዝር ከአራት ጣት። ለካ የጠዋቱ ዘይት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተደብቆ ኖሯል፣ አሁን ነጩ ዱቄት እየመጠጠ ያወጣዋል፣ ወይ ጉድ፣ ፓውደር ነውር ሲያወጣ።

የምቆመው እዚህ ጋ ነው፣ ትላለች ሴትየዋ፣ አሁን አትስቅም፣ በፊቴ ትክክል ነው።

በቀን ስንቴ ይጫናል?

ዘጠኝ መቶ።

ዘጠኝ መቶ። በስምንት ዓመት ስንት ይሆናል፣ ማባዛት ይጀምሩና ይተዉታል፣ ሌላ ነገር መጣ፣ አንዲት ሙሽራ፣ ፓውደሩ ጉንጯ ላይ አልይዝ ብሎ ሦስቴ ደረብኩበት፣ የሱቁን ሰውዬ የተበላሸ ሸጥክልኝ ብዬ ሰደብኩት፣ ዕንባ እኮ ነበር፣ እንዴት አንዴ እንኳ ምን ሆነሽ ነው አላልኩም?

ምንድን ነው እሱ? ባለፋብሪካው ተመልሶ አጠገባቸው ቆሟል፣ አጎንብሶ ያያል፣ ቀና ይላል። በኮምፒውተር ይጠፋል አይደል ጋሼ? የስንቱን ብጉር ያጠፉ ሰው።

ይጠፋል። ሁለት ደቂቃ። የአንዱ ደቂቃ ዋጋ ሃያ ሺህ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደቂቃ ሸጬ አላውቅም፣ ገዢው ጋ ግን በዚህ ትክክል የሚቆመው ማን ነው፣ የማን ልጅ?

ብጉር ሰው አይገድልም፣ የኔ ልጅ።

እንግዲያው ክፍያ የለም።

የለማ። ካሜራውን ስንጥቁ ፊት ለፊት ያቆማሉ፣ ፊቱስ ይሄ ነው፣ ለካ ስዞረው የዋልኩት ይሄን ነው፣ ከዚያ በልማዳቸው፣ ሰውን ሁሉ ትንፋሹን ጨርሶ ሲያወጣ ነው የሚያነሱት፣ ተንፍስ ይሉታል ብረቱን። የምትተነፍሰው ሴትየዋ ናት። ቀጭ።

ፎቶውን ስልኳ ላይ ይልኩላታል፣ እሷም እዚያው ቆማ ለዐሥራ አንድ ባልደረቦቿ፣ ከዚያ የማሽኑን ማብሪያ ትዘጋና ቁልፉን ኪሷ ትከታለች፣ ገዢውም ቢመጣ መጀመሪያ የሚያያት ይቺን ፎቶ ነው ትላለች፣ ባለፋብሪካው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይወጣል፣ ይውጣ።

መንገድ ላይ ቦርሳው ከብዷቸዋል፣ ይቆጥራሉ። የሄደ፣ አርባ ሺህ፣ የታክሲ ደርሶ መልስ፣ የፓውደሩ ሲሶ። የመጣ፣ አንድ ፎቶ፣ ነገም ፊቷ ደህና የሚውል አንዲት ሴት። አልከሰርኩም፣ እንዲያውም። ያቺን ሙሽራ ግን፣ እሷን በየትኛው በኩል ልቁጠራት