የኦቦ ጎበና ቃሬዛ

እኔ ደጊቱ ጠያቂ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይቺ ልጅ እግዜርንም ሳትጠይቅ አታልፍም» ትል ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ክረምት አባቴን ኦቦ ጎበናን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ሁለት ዓመት ሞልቷል። በዚያ ላይ ደጃፍ ተንሸራተው ዳሌያቸው ስለተጎዳ መቆምም መቀመጥም አይችሉም። የማጎርሳቸው፣ የማገላብጣቸው፣ የማጥባቸው እኔ ብቻ ነኝ። ወገቤ አልቋል። ከወገቤ ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነበር፤ ለመሆኑ እንዲህ ላለ ሽማግሌ የሚሆን እርዳታ በዚህ በቡራዩ ጨርሶ የለም?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። ቄሱ ጠበል አዘዙልኝ፤ አመጣሁ። የአጥቢያ ዳኛው ወደ ክሊኒኩ ላኩኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊው ተሾመ፣ «ሞራ የሚገፍፍ ሐኪም ሐሙስ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ለአንድ ቀን ብቻ ነው» አለኝ። እንዴት ነው የሚገፈፈው? በምን? ያማል? ተሾመ ሳቀብኝ።

«አንቺ አባትሽን አምጪ እንጂ፣ ሐኪም ልትሆኚ ነው እንዴ?»

ማምጣቱ ነበር ጭንቁ። ቤታችን ዳገት ላይ ነው፤ በጭቃው መኪና አይወጣም፤ እሳቸው በቅሎ ላይ አይቀመጡም። የእድራችን ቃሬዛ ትዝ አለኝና ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ዓባይነህ ሱቅ ሄድኩ።

«አብደሻል? ይኼ የሬሳ ቃሬዛ ነው። እድር የሞተ ነው የሚሸከመው» አሉኝ።

«በሽተኛ አይሸከምም የሚለው የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

ደንቡን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ገልብጠው እንደገና አነበቡ።

«አልተጻፈም» አሉ፣ ራሳቸውም ገርሟቸው። አራት ተሸካሚም ጨመሩልኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባቴን በምን እንደምንወስዳቸው አልነገርኳቸውም። ቢያውቁ እሺ አይሉማ! ስለሚያካፋ ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ሳብኩት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ጎረቤቴ ያለምወርቅ ቃሬዛውን አየችና ደረቷን መታች። «እኔን! ኦቦ ጎበናን!» ለቅሶው ከቤት ቤት ተዛመተ። ሰው እርሻውንና ሱቁን እየጣለ ከኋላችን ተከተለ። አልሞቱም ብል ማን ይስማኝ? ሐዘን ያሳበደኝ መሰላቸው።

ከጋቢው ሥር አንድ እጅ ወጣ።

«ኤኙቱ ዱኤ?» አሉ አባቴ። «ማን ሞተ?»

ያለምወርቅ እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አለች። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። እኔ በኀፍረት እየተንተባተብኩ እውነቱን ለአባቴ ነገርኳቸው። እንጨቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ቁጣቸውን ስጠብቅ ጆሯቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ።

«ያ የሚያለቅሰው ማን ነው? ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ኦቦ ኢቲቻ ነበሩ። በማሳ ድንበር ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር ሰላምታ አልተለዋወጡም። አሁን እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ለመታረቅ ሰው መሞትህን እስኪሰማ ትጠብቃለህ፣ ጎበና?» አሉና የአንዱን ተሸካሚ ቦታ ተቀበሉ። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው የኢቲቻን ክንድ ያዙ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ለቀብር የወጣው ሰው ሁሉ አብሮን ነበር። ሐኪሙ ብቅ ብሎ ሕዝቡን በመገረም አየ።

«አስታማሚያቸው ማን ነው? አንድ ሰው ብቻ ይግባ።»

እንደ ልማዴ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ፤ ቀድመውኝ ገቡ።

በሩ ተዘጋ። ያለምወርቅ ቀሚሷን ከጭቃ እያራገፈች ለሴቶቹ የማስታመም ተራ ታወጣለች፤ ዛሬ እኔ አድራለሁ፣ ነገ አንቺ፣ ከነገ ወዲያ እሷ። የእኔን ስም አልጠራችም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ሌላ ሰው ይዟቸው፣ እኔ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ሕዝቡ ሁሉ እንባውን መንገድ ላይ ጨርሶ ነበር፤ የእኔ ገና መጀመሩ ነው።