ሳይከፈት አምስት ማሽን የተሻገረው ደብዳቤ

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ታይፕ ተምሬ፣ በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሕመም ስተይብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። የማወጋችሁ ትናንት ቅዳሜ የደረሰብኝን ነው። ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም፤ ብደጋግም፣ ብዘባርቅ አትፍረዱብኝ።

ታናሽ እህቴ ከእኔው ጋር ነበር የምትሠራው፣ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን። ታይፕም የተማርነው አብረን፣ አንዷን ማሽን በየተራ እየደበደብን ነው። ይቺ እህቴ አባቷ ያልታወቀ ሴት ልጅ ወለደች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሁለት ወር ሙሉ አኮረፍኳት፤ ትንፍሽ አላለችም። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሞላት እህቴ ታመመች። ሥራ ያቆመች ዕለት አንድ ደብዳቤ ተይባ፣ በዲስኬት አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ሃያ አምስት ሲሞላት ስጫት። የአባቷ ነገር እዚህ ውስጥ ነው። አንቺ እንዳትከፍቺው» አለችኝ።

ማልኩላት። በወሩ አረፈች። ልጅቷን ሚጢ እያልኩ እኔ አሳደግኋት። አባቴ ማነው ባለችኝ ቁጥር መልሴ አንድ ነበር፤ እናትሽ ጽፋልሻለች፣ ቀኑ ይድረስ።

የመጀመሪያው የኮምፒውተር ማሽናችን ፊቱ ጥቁር ነበር። ሥዕል የለ፣ ምን የለ፤ ትእዛዙን በቃል አጥንተህ ካልጻፍክለት አፍጥጦ ያይሃል። የፋይል ስም ከስምንት ፊደል በላይ አይቀበልም። እሱን እንደ ምንም ለመድነው ስንል ሁለተኛው ሲስተም መጣ፣ መስኮትና ሥዕል ያለው። ማውስ የሚሉትን ነገር ያየሁ ዕለት እጄ ላቡን አፈሰሰ። ሦስተኛው ሲከፈት ይዘፍናል። አራተኛው ደግሞ ጠርጣራ ነው፤ አንዲት ነገር በነካሁ ቁጥር «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል። በምን አፌ እርግጠኛ ልሁን።

ከጥቁሩ ማሽን ጊዜ ጀምሮ፣ ማሽን በተበላሸና ሲስተም በተለወጠ ቁጥር የሚመጣው አንድ ጠጋኝ ነው። ሆስፒታል ስለሆነ እውነተኞቹ ዶክተሮች ሳይቀሩ «የማሽን ሐኪም» ይሉታል። መጥቶ «እትዬ፣ ሁሉንም አጥፍቼ አዲስ ልጭን ነው» ሲለኝ ደረቴን እይዛለሁ። ደብዳቤዬስ? እሱም ይስቃል፤ እንደ እንቁላል ነው የሚይዟት እያለ ያሾፍብኛል። ግን ሁሌም ያሻግርልኛል። ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ያሻገራት እሱ ነው። ግራኝ ስለሆነ፣ በሄደ ማግስት ማውሴን ግራ በኩል ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሚጢም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ጠረጴዛ ላይ እየተጫወተች ማውሱን ወደ ግራ ትስባለች። ልጄን መጥፎ አመል አስተማርክብኝ ብዬ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛው ሲስተም የገባ ዕለት ይመስለኛል፣ ደብዳቤዋ ደህና መሆኗን ከፍተን እንያት አለኝ። «እጅህን ሰብስብ» አልኩት። መሐላ አለብኝ። እሱም እጁን ሰበሰበ።

ትናንት ሚጢ ሃያ አምስት ሞላት። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ዘረጋች፤ ለደብዳቤው አምስተኛ ማሽኑ መሆኑ ነው። ፍላሹን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠኋት። ከፈተችው። ልጆቼ፣ አንድም የእኛ ፊደል የለም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ጉንዳን የሄደበት መስሎ ተርመስምሷል። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

«አክስቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሽልኝ ይኼን ነው?»

ስልኬን አንስቼ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። አሁን የራሱ ትንሽ ሱቅ አለው። ነገሩን ስነግረው በጥንቃቄ አስረዳኝ። የዚያን ጊዜው የአማርኛ ፊደል ጥቁሩ ማሽን ውስጥ ብቻ ነበር የሚገኘው፤ ማሽኑ ሲጣል አብሮ ተጥሏል። ያኔ ከፍተነው ቢሆን በጊዜው እንደርስበት ነበር አለ፤ ሊወቅሰኝ አይደለም፣ ግን ወቀሰኝ። ተስፋ እንዳልቆርጥ፣ ፊደሉ ይገኝ እንደሁ አሮጌ ሲዲዎቹን እንደሚፈትሽ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘን እንድንመጣ ነገረኝ።

ስልኩን ዘግቼ ያንን ትርምስ ሳየው ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ። በራሱ። ክው አልኩ። ለካ ምልክቱ ሁሉ እህቴ የመታችው ቁልፍ ነው፤ በጥቁሩ ማሽን ያው ቁልፍ የእኛን ፊደል ያወጣ ነበር። ፊደሉ ጠፋ እንጂ ቁልፉ አልጠፋም። እኔና እሷ ደግሞ እነዚያን ቁልፎች ጨለማ ውስጥ እንኳ አንስትም። የመጀመሪያው ቃል «ልጄ» ነበር። እዚያ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መሐላው ትዝ አለኝ።

ወረቀት አስመጣሁ። ጀርባዬን ለላፕቶፑ ሰጥቼ፣ ባዶ ጠረጴዛ እየመታሁ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን የእኛን ፊደል እንደሚያወጣ ለሚጢ አንድ በአንድ አስጻፍኳት። ወረቀቷንና ላፕቶፗን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። እኔ የታጠበ ሰሃን መልሼ አጠብኩ። ሦስት ጊዜ ሳላጥበው አልቀረሁም።

ስትወጣ ቀስ ብላ አነበበችልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ እጅሽ ሲገባ አክስትሽ ቀድማ አንብባዋለች። አውቃታለሁ፣ መሐላዋ ከሳምንት አያልፍም። ስለዚህ የቀረውን የምጽፈው ለእሷ ነው። እህቴ፣ ፊትሽን እያየሁ መናገር አቅቶኝ ነው። አባቷ የማሽን ሐኪማችን ነው። ማርገዜን ሳልነግረው ለሥልጠና ራቅ ወዳለ አገር ሄደ። ሲመለስ ልጅ ታቅፌ አገኘኝ፣ የሌላ ሰው መሰለችው፤ እኔም ኮራሁና ዝም አልኩ። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ልጅቷ ነፍስ ሳታውቅ ንገሪው።»

ወንበሩ ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ተቀመጥኩ፤ መሬት ተቀበለኝ። እህቴ እንደማልታመን አምና ጻፈች፣ እኔ ደግሞ ልታመን ብዬ የአባትና የልጅን ዕድሜ በላሁ። በእጁ፣ በገዛ እጁ እያሻገራት፣ እጅህን ሰብስብ አልኩት።

ሚጢ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው ያለሽ?» አለችኝ።

«በሦስት። ግን አንብበነዋል እኮ፣ ምን ልንለው ነው?»

«ምንም አንለውም። ፊደሉን ፈልጎ ያግኝና እሱ ራሱ ይክፈተው።»

ተነስታ ላፕቶፗን ዘጋች። ማውሱን አነሳች፣ እንደ ሁልጊዜው ከግራ በኩል። ስንት ዓመት ያየሁትን ያንን እጅ ገና አሁን አየሁት።

ነገ ሰኞ ነው። አብሬያት እሄዳለሁ። ሐኪሙ ከፍተን እንያት ሲል፣ እኔ አፌን ይዤ ጥግ ላይ እቆማለሁ።