ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ

«ይቺን መስመር አንቺ ነሽ የጻፍሻት?» አለ አለቃዋ፣ ጣቱን ከኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሳያነሳ።

ኮድ ጸሐፊዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ባልደረቦቿ «እጥር ምጥን» የሚሏት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሌላው በአምስት መስመር የሚጽፈውን ኮድ እሷ በአንዷ ትቋጨዋለች። የሆስፒታሉን ድረ ገጽ ስትሠራም እንደ ልማዷ አሳጠረችው። ውጤቱ ችግር ያሳያል? ከዚያ በኮዱ ውስጥ መንገዱን ለሁለት የሚከፍለው የጥያቄ ምልክት። ካሳየ «ሐኪምዎን ያነጋግሩ» ወደሚለው ገጽ፤ ካላሳየ «ውጤትዎ ደህና ነው» ወደሚለው። ምርመራው ገና ላላለቀ ሰው መንገድ አልተወችም። ባዶ መዝገብ ሁሉ ወደ ደህናው ገጽ ሲፈስ ሁለት ወር ሞላው።

ውጤታቸው ሳይደርስ «ደህና» የተባሉት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። የስምንቱ ውጤት ኋላ ሲደርስ በእርግጥም ደህና ሆነ። ዘጠነኛዋ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ደህና አልነበረም። የሆስፒታሉ ነርስ ከጠዋት ጀምራ ብትደውልላት ስልኳ ዝግ ነው።

«ኮዱን አስተካክዪና ተዪው» አለ አለቃዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቀረው የሆስፒታሉ ጉዳይ ነው።»

አስተካከለችው። ከዚያ የልብስ ሰፊዋን አድራሻ ከነርሷ ተቀብላ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታወጣ ስታወርድ፣ ሁሉም ሰበብ ሰበብ ሸተታት።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ አንገትጌ ትሰፋለች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አደረገች።

«ግቢ ልጄ፤ ምን ልስፋልሽ?»

«ከሆስፒታሉ ነው የመጣሁት፣ እናቴ።»

«ውይ፣ ደህና ነሽ ተብያለሁ እኮ! ለእህቴ ደውዬ በደስታ ተላቀስን።»

«ገጹ ተሳስቶ ነው» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው።

«ያ ገጽ የወጣው ውጤትዎ ሳይደርስ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ውጤቱ አሁን ደርሷል። ሐኪሙ ዛሬውኑ ሊያይዎት ይፈልጋል።»

የስፌት መኪናው ቆመ። የሴትዮዋ እጅ ሳታስበው ከአንገቷ የተንጠለጠለውን ሜትር ጨበጠ።

«ሁለት ወር ሙሉ» አለች፣ «እንቅልፌን ጠግቤ ስተኛ ነበር።»

«አዎ፣ እናቴ።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሴትዮዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ያላለቀውን ሸሚዝ አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ሻርፗን ደርባ ወጣች። በሩን ልትቆልፍ ብትል ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አላት። ደግማ ሞከረች። ከዚያም ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች፣ ቁልፉን ወደ ኋላዋ ለልጅቷ ዘረጋችላት።