ልብስ ሰፊው ሙሄ የጠየቀው ነገር

መምህር ይሻው ደብረ ታቦር ውስጥ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ስፖርትና ጤና ሲያስተምር ነው ጸጉሩ የሸበተው። ስፖርቱን ይወደዋል። በጠዋት ውርጭ ልጆቹን ሜዳውን ሲያስዞር፣ መረብ ኳስ ሲያለማምድ፣ ዛሬም እንደ ጀማሪ ደስ ይለዋል። ከጤናው ግን አንድ የሚሸሸው ምዕራፍ ነበረው። ስለ ጉርምስና የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ ሴቶቹ ልጆች ስለሚያፍሩት፣ እሱም ስለሚያፍራቸው፣ "እስቲ ይቺን ክፍለ ጊዜ ያዥልኝ" እያለ የሳይንስ መምህርቷን ሠናይትን ይለምናት ነበር። እሷም እየሳቀችበት ትገባለታለች።

ዘንድሮ ሠናይት ወደ ሐሙሲት ተዛወረች። ምዕራፉ ግን አልተዛወረም።

ማክሰኞ ዕለት ይሻው ሰባተኛ ክፍል ገባና ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ "የወር አበባ" ብሎ ጻፈ። ወንዶቹ ከኋላ ተንከተከቱ። ዘወር ሲል ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው።

"የምትስቁት በእናቶቻችሁ ነው" አለ።

ሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ አፉ ተፈታ። በሽታ እንዳልሆነ፣ ቅጣትም እንዳልሆነ፣ ከትምህርት የሚያስቀር ነገር እንዳልሆነ አስረዳ። "ሲመጣ ለእናታችሁ ንገሩ። እናት የሌላት ለአክስቷ፤ አክስት በቅርብ የሌላት ለአባቷ ትንገር። ለአባት መንገር ነውር አይደለም።" የመጨረሻውን እንኳ አስቦበት አልነበረም፤ እንዲያው ካፉ ወጣ።

ሐሙስ ዘምዘም ከክፍል ቀረች። ዘምዘም ቀርታ የማታውቅ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ መረብ ኳስ የምትለጋ ብርቱ ልጅ ናት። ዓርብም አልመጣችም። ዓርብ ከሰዓት ይሻው ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲወጣ ዘበኛው ፈንታሁን በሩ ላይ አስቆመው።

"መምህር፣ የዘምዘም አባት፣ ልብስ ሰፊው ሙሄ፣ ክፍል ውስጥ ሳሉ ሁለት ጊዜ መጥቶ ፈልጎዎት ነበር። 'ጤና የሚያስተምሩት ሰው የት ናቸው?' ይላል። ፊቱን አልወደድሁትም።"

"ምን ፈልጎ?"

"እንጃ። የልጄ ጉዳይ ነው አለ።"

ይሻው አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለው። ከዓመታት በፊት በሌላ ወረዳ አንድ የሥራ ባልደረባውን በዚሁ ምዕራፍ የተነሳ ወላጆች ሽማግሌ ፊት አቁመውት፣ ሰውዬው አገር ለቆ እስከ መሄድ ደርሷል። ጡረታው ሊደርስ ሲል እንዲህ ያለ ነገር! ራቱን ሳይነካ ተወው። ባለቤቱ ወርቅነሽ ጠይቃ ጠይቃ አወጣጣችው።

"ወንዶቹም ባሉበት?" አለች ዓይኗን አፍጥጣ።

"ባሉበት።"

"ዋሽተሃል?"

"ምኑን እዋሻለሁ?"

"እንግዲያማ ሰው እስኪመጣብህ ምን ያስጠብቅሃል? ነገ ራስህ ሂድ። እኔም ለበርበሬ ገበያ እወጣለሁ።"

ቅዳሜ የልብስ ሰፊዎቹ ተራ በስፌት መኪና ድምፅ ይናጥ ነበር። ሙሄ አንድ ገበሬ ለኮት እየለካ ነው። ይሻውን ሲያይ ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፤ ገበሬውን "ጋሼ፣ ዞር ዞር ብለው ይመለሱ" ብሎ ሸኘና በሩን ገርበብ አደረገው። ይሻው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትልቅ መቀስ አየ።

"መምህር፣ ትናንት ተመላልሼ አጣሁዎት።"

"ሰማሁ። እኔም ያስተማርሁትን ነገር ላስረዳዎት..."

"ቆዩኝ፣ እኔ ላስቀድም። አሁን ካልተናገርሁት አልናገረውም።" ሙሄ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "የዘምዘም እናት ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ረቡዕ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ከጓዳ አልወጣም አለች። ብጠራት፣ ብጠራት... ኋላ 'አባዬ፣ ቲቸር ለአባት መንገር ነውር አይደለም ብለዋል' አለችና ነገረችኝ።"

ይሻው ወደ በርጩማው ጠጋ አለ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ነገረችኝ! ባትነግረኝ ታማለች ብዬ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት እንከራተት ነበር። ግን መምህር፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። እህቴ ያለችው ይፋግ ነው፤ በስልክ ደግሞ እንዴት ብዬ ላውራው። ሱቅ ገባሁ፣ ስሙን መጥራት አቃተኝ። ጎረቤቴን ዓለሚቱን ልጠይቅ ደጃፏ ደርሼ 'ጨው አለሽ ወይ?' ብዬ ተመለስሁ። ልጄ ይኸው ቤት ተቀምጣለች። ምን ይደረጋል? አንቱን ነበር የምጠይቅ።"

"ለዚህ ነው የፈለጉኝ?"

"ታዲያ ለምን ይመስልዎታል?"

ይሻው የገበሬው ኮት የሚሰፋበት ጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠ። ከዓርብ ጀምሮ ደረቱ ላይ ተጭኖት የነበረው ነገር ተንከባሎ ሲወርድ ተሰማው።

ሙሄ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ፌስታል አወጣ። "ልብስ ሰፊ ሆኜ ይህስ አያቅተኝም ብዬ ሞክሬ ነበር። እስቲ ይዩልኝ፤ ልክ ነው?"

ይሻው ለወር አበባ መጠበቂያ የተሰፋውን ወፍራም ነገር ገለባብጦ አየው። ለካፖርት የሚሆን ገበር በጥጥ ታጭቆ፣ ዙሪያውን ድርብ ተሰፍቷል።

"ሙሄ፣ እውነቱን ልንገርዎት?"

"ይንገሩኝ።"

"እኔም አላውቅም።"

ተያዩ። መጀመሪያ ሙሄ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ "ምን አገኛችሁ?" ብሎ ጮኸ።

ይሻው ለወርቅነሽ ደወለላት። በርበሬዋን በዘንቢል ይዛ መጣች፤ ነገሩን ስትሰማ ደረቷን ደቃች፤ የሙሄን ሥራ አንስታ ስታይ ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

"ወንድሜ፣ ይህ ለልጅ ነው ለበቅሎ? ኮርቻ እኮ ነው!"

እንደገና ተሳቀ። ወርቅነሽ ግን ወዲያው መቀሱን አነሳች። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አስወጥታ በልኩ ቀደደች፤ የት የት እንደሚሰፋ ለሙሄ አሳየችው። "በደንብ ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ፍራሽ ሥር አይደበቅም" አለች። ሙሄ እንደ ትጉ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ ራሷ ሱቅ ሄዳ ሞዴስ ገዝታ መጣችና ከመደብሩ ኋላ ዘምዘም ወዳለችበት ቤት ገባች።

ሁለቱ ወንዶች ውጪ ቀሩ። ሙሄ ወርቅነሽ የቀደደችውን ጨርቅ በእጁ መስፋት ጀመረ። ከውስጥ የሴቶች ሹክሹክታ ሲሰማ ቆየና ድንገት ዘምዘም ከት ብላ ሳቀች። ሙሄ የያዘውን መርፌ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ።

"ከረቡዕ ወዲህ ድምፅዋን መስማቴ ነው" አለ።

ሰኞ የሰባተኛ ክፍል ስፖርት ነበረ። ይሻው ልጅቷ ታፍረኛለች፣ ዓይኔን ማየት ይከብዳታል ብሎ ሰግቶ ሌላ ሌላውን እያየ ጨዋታ አስጀመረ። ጥቂት እንደቆዩ ከመረቡ ማዶ የሚያውቀው ድምፅ ጮኸበት።

"ቲቸር! ውጪ አይደለችም እኮ፣ መስመር ነክታለች! ምን እያዩ ነው?"

ዘምዘም ወገቧን ይዛ ቆማለች።

"ልክ ነሽ፣ ነክታለች" አለ ይሻው፣ ኳሷን በእርግጥ ባያያትም። ነጥቡን ሰጣትና ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዙሮ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።