የጋሽ ይሄይስ ጥርሶች

ጋሽ ይሄይስ በዚህ ዓለም የሚያምኑት ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ እግዚአብሔር፣ ሌላው ጓጉንቸር። ይምረጡ ቢባሉ ጓጉንቸሩን ሳይመርጡ አይቀሩም። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ያለው የበርበሬ ሱቃቸው በሦስት ጓጉንቸር ይዘጋል። ቁልፎቹ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ይውላሉ፣ ከማተባቸው ጋር ያድራሉ። ሚስት ያላገቡትም ሚስት አንድ ቀን የሱቅ ቁልፍ መጠየቋ አይቀርም ብለው ነው እያሉ ጎረቤቶቻቸው ያሟቸዋል። ቤታቸውን የሚያስተዳድሩላቸው ታላቅ እህታቸው እትዬ ባይነሽ ነበሩ። አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋቸውም እኚሁ እህታቸው ናቸው፤ ቢሆንም የሱቁን ቁልፍ ለደቂቃ እንኳን ይዘውት አያውቁም።

እንዲህ ያለውን ሰው የእድር ሊቀመንበር ያደረገ ሰፈር የሚመጣበትን ይቻለው። የመረጧቸው ወደዋቸው አልነበረም፤ የእድሩ ንብረት አይጠፋባቸውም ተብሎ ነው። እውነትም ሳንቲም ጠፍቶባቸው አያውቅም። በዚህ የተነሳ በየስብሰባው አባላቱን ሌባ፣ ሰነፍና አደራ በላ እያሉ ሲሰድቡ፣ አባላቱ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሟቸው ነበር።

ታዲያ መንገድ ሲሰፋ የእድሩ ዕቃ ቤት ግማሹ ፈረሰ። ድንኳኑና ድስቶቹ እንደ ምንም ተጨናንቀው ገቡ። እግራቸው የማይታጠፍ ከባባድ የእንጨት ጠረጴዛዎች ግን ውጭ ቀርተው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲበላቸው ከረመ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ እግሩ የሚታጠፍና አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደር የብረት ጠረጴዛ ይሠራ ብሎ ወሰነ። ኮሚቴው በዘመኑ የወሰነው ብልህ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። እሱንም ጋሽ ይሄይስ ያስፈጽሙት ብሎ አበላሸው።

ሥራው ሙናዊር ለሚባል በያጅ ተሰጠ። ሙናዊር ምላሱ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን ሳይጀምረው አሞግሶ ጨርሶት ነበር። የመጀመሪያው ናሙና ታጥፎ ሲታይ ግን ሁለቱ ጥንድ እግሮች አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተው ጠረጴዛውን አሳብጠውታል፤ ሦስቱን ሲደራርቧቸው ክምሩ እንደ ሰካራም ተወዛወዘ። ሙናዊር ጥፋቱን በቱቦላሬው ብረት አላከከ፣ ቱቦላሬውን በሸጠለት ሰው አላከከ፣ የሚያላክክበት ሲያጣ አንዱን ጥንድ አጥብቦ በሌላኛው ጥንድ መሃል እንዲተኛ አደረገው። አሁን እግሮቹ ሲታጠፉ ከጠረጴዛው ክፈፍ አያልፉም፤ ጠረጴዛዎቹም እንደ መጫወቻ ካርታ ይደራረባሉ። እግሩ ሲዘረጋ ደግሞ ክርን የምትመስል ደጋፊ ብረት አብራ ትዘረጋና ቀጭ ብላ ትይዘዋለች። ለማጠፍ ክርኗን ከሥር መታ ማድረግ ብቻ ነው። ሥራው እውነትም ያምር ነበር፤ ሙናዊርን መውደድ የማይሆንልን ሰዎች እንኳን ይህን አንክድም።

ጋሽ ይሄይስ አንዱን ጠረጴዛ ዘረጉት፣ አጠፉት፣ ደግመው ዘረጉት። ፊታቸው ጠቆረ።

“ይሄን ማንም ሰው ይዘረጋዋል?” አሉ።

“ማንም! ሕፃን ልጅ ይዘረጋዋል፣ ጋሼ።”

“እሱ ነው በሽታው። ማንም የሚዘረጋው ጠረጴዛ የማንም ነው። ክርኑን አውጣልኝ።”

“እሱን ካወጣነው እግሩ በምን ይቆማል?”

“በእኔ ፈቃድ” አሉ ጋሽ ይሄይስ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከአባላቱ አንዱ ልጁን ሲያስመርቅ ሁለት የእድር አግዳሚ ወንበሮች ደጁ ላይ ታይተው ነበር። ሰውየው ሳያስፈቅድ ወስዷል፤ በማግስቱ ደግሞ አጥቦ መልሷል። ወንበሮቹ ሲመለሱ ከሄዱበት ጊዜ ይልቅ ንጹሕ ነበሩ። ጋሽ ይሄይስ ግን ለነገሩ ዝርፊያ ብለው ስም አወጡለት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሞት ሳይሆን፣ የእድር ጠረጴዛ በሰው ሰርግ ላይ ቆሞ የማየት ሐሳብ ሆነ።

ስለዚህ ጠረጴዛውን ራሳቸው ነደፉት። ክርኗ ትወጣለች፤ በእግሩና በክፈፉ ላይ ቀዳዳ ይበሳል፤ በቀዳዳው መቆለፊያ ብረት ይገባል። ብረቱ ከሌለ እግሩ ይልፈሰፈሳል። ብረቶቹ ደግሞ በሳጥን ተቆልፈው እሳቸው ሱቅ ይቀመጣሉ። ሙናዊር ይህን ሰምቶ ሳቀባቸው። መርካቶ ውስጥ ብሎን በኪሎ እየተሸጠ፣ የፈለገ ሰው ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ቢሰካበትስ አላቸው። ጋሽ ይሄይስ ሲያስቡበት ሰነበቱና ቀዳዳውም ብረቱም ሦስት ማዕዘን ይሁን አሉ። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ ጋሽ ይሄይስ መርካቶ የማይገኝ ነገር ፈልገው አሠሩ። ሙናዊርም ለሚከፍለው ሰው ባለ አምስት እግር ጠረጴዛ ይሠራልና አልተከራከራቸውም።

ጠረጴዛዎቹ ለአባላት በታዩ ቀን የተከራከራቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ምክትላቸው ጀማለዲን፣ ሶማሌ ተራ ጨርቅ የሚያከፋፍለው ነው። ሰው ይታመማል፣ መንገድ ይሄዳል፣ ስለዚህ የሳጥኑን ሁለተኛ ቁልፍ ሌላ ሰው ይያዘው አለ። ጋሽ ይሄይስ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ “ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን ክፍት ሳጥን ነው” አሉት። ኮሚቴው ይህን እንደ ጥበብ ቆጥሮ አጨበጨበ። ማጨብጨብ ወጪ የለውም።

ከዚያ በኋላ በየለቅሶው ጋሽ ይሄይስ ሳጥኑን አቅፈው ይመጣሉ። ብረቶቹን እንደ ቁርባን አንድ በአንድ ያድላሉ፤ ሲያበቃም አንድ በአንድ ቆጥረው ይለቅማሉ። ሰፈሩ ብረቶቹን “የጋሽ ይሄይስ ጥርሶች” አላቸው። ሐዘንተኛ ቆሞ ጥርስ እስኪታደል ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አይቶ አንድም ሰው ይበቃል አላለም፤ አገራችን ለባለ ቁልፍ ሰው ያላት ትዕግሥት መቼም አያልቅም።

እትዬ ባይነሽ ያረፉት በዚህ መሃል ነው። ሌሊቱን ታመው ሲነጋጋ ሄዱ። እሳቸው እንደ ወንድማቸው አልነበሩም። ሙቀጫቸውም ወንፊታቸውም የሰፈሩ ነበር፤ የተዋሷቸውን ዕቃ መልሱ ብለው አያውቁም። የእድሩ የሴቶች ኃላፊ ሪሃና ድስቷን ጥዳ እያለቀሰች፣ የባይነሽ ለቅሶ እንደ ባይነሽ መሆን አለበት፣ የመጣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ይሂድ አለች። ጋሽ ይሄይስም አስተዛዛኞችን የለመኑት ይህንኑ ነበር። በሕይወት ሳለች ያላከበርኳትን ዛሬ እንኳን በክብር ልሸኛት አሉ። ከልባቸው ነበር፤ እህታቸውን ይወዱ ነበር።

ድንኳኑ ተተከለ። ጠረጴዛዎቹ ከዕቃ ቤት ወጡና እግራቸውን አጥፈው መሬት ላይ ተኙ። ጥርስ የለም። ጥርሶቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ሳጥኑ ሱቅ ውስጥ ነው፣ የሱቁ ቁልፍ ሐዘንተኛው አንገት ላይ ነው። ጀማለዲን ወደ ቤቱ እየገባ ተመለሰ፣ ደግሞ እየገባ ተመለሰ። ለሐዘንተኛ “እግዚአብሔር ያጽናዎ” ይባላል እንጂ “ቁልፍ ይስጡኝ” አይባልም። የእድር ሰው ደግሞ ያለው ሐዘንተኛው ስለ ምንም እንዳያስብ ነው። ጋሽ ይሄይስ እንደሆነ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ጥርስ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስተዋል።

ቀብር በሄዱበት ሰዓት የቀሩት ወንዶች ብሎን ተራውን አዳረሱት፤ የሚሆን አላገኙም። ክቡ ብሎን በሦስት ማዕዘኑ ቀዳዳ ውስጥ ይነቃነቃል። በመጨረሻ አንዱን ጠረጴዛ በሚስማርና በሽቦ ጠፍረው አቆሙትና ከጎጃም ለመጡት ዘመዶች አቀረቡት። ከቀብር መልስ እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ምስር ወጡ እንደ ወጣላቸው፣ ሚስማሩ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛው በአፍጢሙ ተደፋ። ትኩሱ ወጥ አንድ ሽማግሌ ጭን ላይ ፈሰሰ።

ጋሽ ይሄይስ ድምፁን ውስጥ ሆነው ሰሙ። ምን እንደሆነም ወዲያው ገባቸው። የገዛ እህታቸው ለቅሶ በገዛ እጃቸው ሥራ ሲዋረድ ተሰማቸው። ጀማለዲን ገብቶ አጠገባቸው በርከክ አለ።

“ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝ፤ የሱቁን ቁልፍ ይስጡኝ። ሳጥኑን ብቻ ይዤ እመለሳለሁ። ከፈለጉ ዘመድዎም አብሮኝ ይሂድ።”

ጋሽ ይሄይስ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ቁልፉን ያዙት። ሱቁን በዓይነ ልቡናቸው አዩት፤ ጆንያዎቹን፣ ሚዛኑን፣ መሳቢያውን። ጀማለዲን ከንጋት ጀምሮ የራሱን ሱቅ ዘግቶ የእህታቸውን ሬሳ ተሸክሞ ውሏል። ይህንንም አሰቡ፤ አላሰቡም አይባልም። እጃቸው ግን ቁልፉን አልለቀቀም።

“ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ” አሉ።

ሴቶቹ ጋቢያቸውን ይዘው ጎተቱ። ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? ጋሽ ይሄይስ አስለቅቀው ወጡ። ጠረጴዛ አጥቶ የቆመውን ሕዝብ ሰንጥቀው ወደ በርበሬ በረንዳ ገሰገሱ። ከቤት ሱቅ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሰዉ፣ ተሸካሚው፣ ጋሪው ያላንዳች ርኅራኄ ይጋፋል፤ መርካቶ ለማንም ለቅሶ መንገድ አይለቅም። ነጋዴው ጓደኛቸው ሁሉ ከቀብር ገና መመለሱ ነበር። ጋሽ ይሄይስ እህታቸውን ቀብረው ወዲያው ሦስት ጓጉንቸር ሲከፍቱ ባየ ጊዜ አፉን ይዞ ቀረ።

የባሰው ደግሞ ቀጠለ። ሳጥኑን ከጆንያ ሥር ሲጎትቱ አንዲት ገበያተኛ በሩን ክፍት አይታ ገባችና የማረቆው በርበሬ ስንት ነው ብላ ጠየቀች። ልማድ ክፉ ነው፤ ዋጋውን ነገሯት። ተወደደ፣ ቀንሱ አለች። አይቀንስም አሏት። እንዲህ ሲሉ የራሳቸው ድምፅ ለራሳቸው ተሰማቸውና ክው አሉ። ሴትየዋን አስወጥተው ሲዘጉ፣ የጎረቤት ሱቅ ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው ያዩአቸው ነበር። ወሬ በመርካቶ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ ያን ቀንም ቀድሟቸው ደረሰ።

ሳጥኑን አቅፈው እያለከለኩ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ማንም አልተነሳላቸውም። ሽማግሌ አልተነሳ፣ ወጣት አልተነሳ። ሐዘንተኛ ሲገባ ይህን ያህል ሕዝብ ተቀምጦ አይተው አያውቁም። ከዚያ ቀስ ብለው አስተዋሉ። አባላቱ አግዳሚዎቹን ፊት ለፊት አድርገው፣ የታጠፉትን ጠረጴዛዎች ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። እግር የሌለውን ጠረጴዛ በገዛ እግራቸው ተሸክመውታል። ምግቡ ቀርቧል፤ እንግዳው እየበላ ነው፤ ወጥ የፈሰሰባቸው ሽማግሌም ልብስ ተለውጦላቸው እየጎረሱ ነው። ለቅሶው እንደ ባይነሽ ሆኗል።

ጀማለዲን ከተቀመጠበት ቀና አለ። “ጋሼ፣ አይቀየሙን” አለ፤ “ብንነሳልዎ የእትዬ ባይነሽ እህል ይደፋል።”

ጋሽ ይሄይስ ሳጥኑን ከፍ አድርገው አሳዩ፤ አመጣሁት ለማለት ነው። ማንም እጁን አልዘረጋም፤ እጅ ሁሉ ሥራ ይዟል። ሪሃና ከድስቷ ሥር ቀና ብላ ጋቢያቸው ላይ ያረፈውን ቀይ ብናኝ አየች።

“ገበያው እንዴት ዋለልዎ?” አለቻቸው።

አልጮኸችም፤ ሰው ግን ሁሉ ሰማ። የሳቀም የተቆጣም አልነበረም። ጋሽ ይሄይስ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬ መሃል ሲሠሩ ዓይናቸው አንድ ቀን አላነባም፤ ጓደኞቻቸው በዚህ ያደንቋቸዋል። እህታቸው ጉድጓድ ሲገቡም አላለቀሱም ነበር። አሁን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ ሳጥኑን እንዳቀፉ እንደ ልጅ አለቀሱ።

“በርበሬ ገብቶባቸው ነው” አለ አንድ ሰው በርኅራኄ፤ “ውሃ አምጡላቸው።”

ሪሃና በጆግ ውሃ ይዛ መጣች። ጋሽ ይሄይስ በርበሬ አይደለም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ማን ሊያምናቸው? ሳጥኑን መሬት አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።