ለነፍሰ ጡር አይነገርም

1.
ጠዋት ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። የባሌ እናት እማማ ዝማም ቂንጬ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ስላለኝ በነጠላ ጫማ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

2.
ሲስተር ብርነሽ የደም ግፊቴን ለካች። ውጤቱን ግን የነገረችው ለእማማ ዝማም ነው።
— ትንሽ ከፍ ብሏል፣ እማማ። እንዳትጨነቅ።
— ስንት ነው? አልኩ።
— አንቺን ምን አስጨነቀሽ? ጨው ቀንሺ።
— የተለካው የእኔ ክንድ መስሎኝ ነው።
— ውይ፣ የተማረ ሰው!
ሁለቱም ሳቁ።

3.
ነፍሰ ጡሮች ስለ ጤናቸው ለምን ስልካቸውን እንደሚጠይቁ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ አሉ። አንባቢዬ፣ ካገኘሃቸው ድካማቸውን ቀንስላቸው፦

ስልክ ይሉኝታ የለውም።

4.
የእኛ ቤት ይሉኝታ ያውቃል። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ትደነግጣለች። ስለዚህ ባሌ ይርዳው መስክ እንደወጣ በመኪና አደጋ ሲሞት፣ ለእኔ «ሥራ በዝቶበት» ቀረ። ከተቀበረ በኋላም በዘመዶቹ በኩል ሰላምታ ይልክልኝ ነበር። በሕይወቱ እንዲህ አዘውትሮ ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

ያረዳኝ ፌስቡክ ነው። የሥራ ባልደረባው ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፎት ነበር።

ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

5.
ከጤና ጣቢያ እንደተመለስን ራሴን ፈለጠኝ፤ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለብኝ። ስልኬን ጠየቅኩ። አንዲት አዋላጅ በቪዲዮ መለሰችልኝ፦
«እህቴ፣ ግፊትሽ ከፍ ብሎ ራስሽን ካመመሽ፣ ዓይንሽም ካጭበረበረሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ። አንቺም ልጅሽም ልትሞቱ ትችላላችሁ።»

ልትሞቱ።

ምን ዓይነት ስድ ናት! ባገኛት ጉንጯን እስም ነበር።

6.
— የሚያሳምምሽ ይሄ ስልክ ነው፣ ልጄ። አምጪው፣ አሉ እማማ ዝማም።
— ሆስፒታል ስንደርስ እሰጥዎታለሁ።
ባጃጅ ጠራሁ። እየተቆጡ ተከተሉኝ። ሐኪሙ ግፊቴን አይቶ ስለ ጨው አላወራም፤ ባስቸኳይ በኦፕራሲዮን እንድወልድ ወሰነ። ቃሌን አክብሬ ስልኬን ለእማማ አስረከብኩ።

7.
ነቃሁ።
— እማማ፣ ልጄስ?
— መጀመሪያ ጉልበትሽ ይመለስ።
— ወንድ ነው? ሴት?
— አንቺ ደግሞ ጥያቄ ትወጃለሽ። ተኚ እንጂ።
ትራሴን አስተካከሉልኝ። ፊቴን ግን አላዩም።

8.
አጠገቤ ስልክ የለም።

ሕፃንም የለም።